የዓሣ መኖና ደቃቅ ፕላስቲክ፦ ከጆንያው እስከ ኩሬው

በኩሬ ዓሣ እርባታ ለተሰማሩ ሞዴል አርሶ አደሮች የቀረበ የሥልጠና ንግግር



 ከዚህ በፊት በነበሩን ሥልጠናዎች ስለ ኩሬ አቆፋፈር፣ ስለ ጫጩት አመራረጥና ኩሬን በፍግ ስለማዳበር ተነጋግረናል። የዛሬው ጉዳይ ግን ለብዙዎቻችሁ አዲስ ነው። ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ እኛ በአማርኛ ደቃቅ ፕላስቲክ ብንለው ይበቃናል።

ስሙ እንግዳ ቢሆንም ነገሩን ታውቁታላችሁ። አጥር ላይ ተሰቅሎ ሁለት በጋ የከረመ የማዳበሪያ ጆንያ ጨብጣችሁ ታውቃላችሁ? እጅ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። መዳፍ ላይ ነጭ ክርና ዱቄት የመሰለ ነገር ይቀራል። እሱ ነው። ተመራማሪዎች ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰውን የፕላስቲክ ስብርባሪ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩታል። ትልቁ የምስር ፍሬ ያክላል፤ ትንሹ ከጤፍም እጅግ አንሶ በዓይን አይታይም። ገለባ ይበሰብሳል፣ እንጨት ይበሰብሳል፣ አጥንትም ውሎ አድሮ አፈር ይሆናል። ፕላስቲክ ግን ፀሐይ ሲመታው ይደቅቃል እንጂ እንደ ገለባ በስብሶ አፈር አይሆንም። አንዱ ጆንያ ብዙ ሺህ ክር፣ ክሩም ተመልሶ ብናኝ ይሆናል፤ ጠፋ ስንል ከዓይናችን ብቻ ነው የጠፋው።

ይህ ብናኝ ወደ ዓሣችን ሆድ የሚገባው በየት ነው? በነፋስ፣ በጎርፍና በምንጠልፈው ወንዝም ይገባል። በኩሬ ለሚያረባ ሰው ግን ዋናው በር መኖውና መኖው የሚያዝበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ጊዜያችንን የምንሰጠውም ለዚሁ ነው፤ ነፋሱን መከልከል አንችልም፣ ጆንያችንን ግን እንችላለን።

አንድ ኩሬ ያሳየኝ

ባለፈው በጋ አንድ 100 ካሬ ሜትር የሚሆን ኩሬ እንድጎበኝ ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው ሳያቋርጡ ያበላሉ። ቅሬታቸው «ዓሣው ይበላል፣ ግን አያድግም፤ ስምንት ወር ሆኖት ገና መዳፍ አልሞላም» የሚል ነበር። መረብ ጣልንና ጥቂት ቆሮሶ አወጣን። ለምሳ ሲዘጋጅ ሆድ ዕቃውን አልጣልነውም፤ ነጭ ሳህን ላይ አድርገን፣ ሰንጥቀን በውኃ አጠብነው። ከስድስቱ ዓሦች በሁለቱ ሆድ ውስጥ ከአረንጓዴው የአልጌ ዝቃጭ ጋር የተጠቀለለ ሰማያዊና ነጭ ክር አገኘን። ሰውየው ክሩን በጣታቸው አንስተው ትንሽ ዝም አሉና ወደ መጋዘናቸው አዩ። ፋጉሎው የተቀመጠው ሰማያዊ መስመር ባለው ነጭ ጆንያ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ዓሣዎ ያላደገው በፕላስቲኩ ነው» አላልኳቸውም። እውነትም አልነበረም። መረቡን ደጋግመን ስንጥል የወጣው በአብዛኛው ጣት የሚያክል ጫጩት ነበር። እንደምታውቁት ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ይራባል፤ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ከገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ኩሬውን ይሞላዋል። ለ200 ዓሣ የተመደበ መኖ ለሺህ ሲከፋፈል ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። የደጋ ውኃ ቅዝቃዜም አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የነገርኳቸው ጫጩቱን እንዲያወጡና በሚቀጥለው ዙር ወንድ ዓሣ ብቻ እንዲያስገቡ ነው። ክሩ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። በችግር ላይ ችግር የሚጨምር፣ ያለ ምንም ወጪ ሊቀር የሚችል ነገር ነበርና።

ይህንን የምነግራችሁ ከዛሬ በኋላ በኩሬያችሁ የሞተ ዓሣ ባያችሁ ቁጥር ፕላስቲክን እንዳትከሱ ነው። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲውጡ ካያችሁ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ፍግ ወይም መኖ በዝቷል ማለት ነው፣ ንጹሕ ውኃ ጨምሩ። ሰውነቱ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ለባለሙያ ንገሩ። ደቃቅ ፕላስቲክ እንዲህ በአንድ ጠዋት አይገድልም። ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ጉዳቱም ከሚዛን ላይ እንጂ ከውኃው ላይ አይነበብም።

ዓሣው ሆድ ውስጥ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በዝዋይ ሐይቅ አራት የዓሣ ዝርያዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶ በሚሆኑት ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ከሐይቁ ወለል እየለቀሙ የሚበሉት እነ አምባዛና ካርፕ ከቆሮሶ ይልቅ ተለቅ ተለቅ ያለ ቁራጭ ነበር የዋጡት። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በታንዛኒያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ካለችው የምዋንዛ ከተማ ገበያ ናይል ፐርችና ቆሮሶ ተገዝተው ሲመረመሩ ከየዝርያው ከአምስት ዓሣ በአንዱ ፕላስቲክ መኖሩን አረጋግጧል። ሐይቅ ሰፊ ነው፤ ዓሣውም ይዞራል። የእኛ ኩሬ ግን ጠባብ ነው፣ ውኃውም ብዙ አይለወጥም። የገባው ፕላስቲክ ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይወጣም፤ ዓሣው ደለሉን ሲቆፍር ዛሬ የጣለውን ነገ መልሶ ይውጠዋል።

ቆሮሶ ለምን ይውጠዋል? ሞኝ ሆኖ አይደለም። ቆሮሶ የሚኖረው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን አልጌና ደቃቅ ነፍሳት አጥልሎ በመብላት ነው። ክሩ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቀናት ከቆየ አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል፤ አልጌ የለበሰ ክር ለዓሣው ምግብ ነው። ከመኖ ጋር ተጣብቆ ሲመጣማ መምረጫም የለው።

አብዛኛው ከኩስ ጋር ተመልሶ ይወጣል፤ ይህ መልካም ነው። ሳይወጣ ወይም ዘግይቶ የሚወጣው ነው የሚያስቸግረው። የቆሮሶ አንጀት ቀጭንና ከሰውነቱ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ነው፤ ሣር በል እንስሳ ረጅም አንጀት እንዳለው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቀጭን ቦይ ውስጥ ድቡልቡል ብናኝ ያልፋል፤ ክር ግን ይጠላለፋል። የመስኖ ቦያችሁን አስቡት። ጠጠር ይንከባለላል፣ ውኃውን የሚዘጋው ሐረግ ነው። ለዚህም ነው እኔ ከሁሉ በላይ የጆንያ ክርን የምፈራው።

በቤተ ሙከራ ፕላስቲክ በተሰጣቸው ዓሦች ላይ፣ ቆሮሶን ጨምሮ፣ የታዩ ነገሮች አሉ። የአንጀታቸው የውስጥ ሽፋን ይቆስላል፣ ያብጣል። ምግብ የሚመጠው በዚያ ሽፋን በኩል ስለሆነ የበላው መኖ ሥጋ ሳይሆን ያልፋል። መኖ እንዲፈጭ የሚያግዙት በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ሚዛናቸው ይዛባል። ጉበት ላይ የመጎዳት ምልክት ይታያል። ሆዱ ባዶ ሆኖ የሞላ የሚመስለውና መብላት የሚቀንስም አለ፤ በአንዳንዱ ሙከራ እድገት መቀነሱ ተመዝግቧል። እጅግ የደቀቀው ብናኝ ደግሞ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ጉበት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ታይቷል። ፕላስቲክ ሲሠራ ለቀለምና ለልስላሴ የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ፤ በላዩም እንደ ፀረ ተባይ ያሉ በውኃ የማይሟሙ ነገሮችን እየሰበሰበ ይይዛል። ባዶ የፀረ ተባይ ጆንያ ወይም ጠርሙስ ለመኖ መጠቀም ለምን ክልክል እንደሆነ ድሮም ነግረናችኋል፤ ይህ ሌላ ምክንያት ነው።

ሐቁን ለመናገር በእነዚህ ሙከራዎች የሚሰጠው የፕላስቲክ መጠን ብዙውን ጊዜ በሐይቅና በኩሬ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ «ይህን ያህል ክር ይህን ያህል ኪሎ ያሳጣችኋል» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ቢመጣ አትመኑት። እኔ የማውቀው አቅጣጫውን ነው። ፕላስቲክ ለዓሣ የሚሰጠው አንዳች ጥቅም የለም፤ ጉዳቱም መጠኑ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት ጫጩቱ ነው። 1 ግራም የሚመዝን ጫጩት አፉም አንጀቱም የክር ያህል ነው። ለትልቁ ዓሣ ተራ የሆነ ብናኝ ለእሱ መሰናክል ነው። የጫጩት መኖ ዱቄት ሆኖ ነው የሚበተነው፤ ዱቄት ውስጥ ደግሞ ብናኝ አይለይም። ሁሉንም መኖ ማጣራት ባትችሉ የጫጩቱን ብቻ አጣሩ።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። 100 ካሬ ሜትር ኩሬ ላይ በካሬ ሜትር 2 ዓሣ ብናስገባ 200 ዓሣ ነው። እያንዳንዱ 100 ግራም ሲደርስ በአንድነት 20 ኪሎ ይመዝናሉ። በቀን ከክብደታቸው 3 በመቶ ብናበላ 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ መኖ ይሆናል። በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 10 ክር ብቻ አለ እንበል። በወር 180 ክር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዓሣ አንድ ክር ያህል አበላን ማለት ነው። ዓሣውን ስምንት ወር እናቆየዋለን። በዓሣ እርባታ ከወጪያችሁ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለመኖ የሚወጣው ነው። ያንን ገንዘብ አውጥታችሁ የገዛችሁትን ፋጉሎ አንጀቱ የቆሰለ ዓሣ ሲበላው ጥቅሙ ደለል ላይ ይቀራል።

ክሩ የሚመጣው ከየት ነው?

አሁን ወደ ግቢያችሁ እንግባ።

የመጀመሪያው ጆንያ አከፋፈት ነው። አብዛኞቻችን ቢላ ወይም ማጭድ እናነሳና አፉን እንቀደዋለን። በዚያች ቅጽበት ብዙ ክር ተበጥሶ ፉርሽካው ውስጥ ይወድቃል። የጆንያው አፍ የተሰፋው በሰንሰለት ስፌት ነው፤ ትክክለኛውን ጫፍ ካገኛችሁት አንድ ጊዜ ስትስቡት ዘር ዘር ብሎ እስከ መጨረሻው ይፈታል። ካልተፈታላችሁ ከሌላኛው ጫፍ ሞክሩ። ክሩን ሰብስባችሁ ኪሳችሁ አስገቡት፤ መሬት አትጣሉት።

ሁለተኛው የጆንያው ዕድሜ ነው። አዲስ ጆንያ ብዙም አያራግፍም። ፀሐይ ላይ የዋለው ነው የሚፈረፈረው። በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፤ ክሩ ከተነሳ ወይም ጣታችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ለመኖ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ጆንያ ለአጥርም ለጥላም አትጠቀሙበት፤ ነፋስ ኩሬው ላይ ነው የሚያራግፈው። የመኖ ጆንያችሁን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

አንድ እናት ባለፈው «ታዲያ በምን እናስቀምጠው? ጎታ ይሻላል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጎታም ክዳን ያለው በርሜልም ጥሩ ነው። ነገር ግን አደራ፣ እርጥበት እንዳይገባ! የሻገተ ፋጉሎና በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ የዓሣን ጉበት ያበላሻል፣ ከላሟ ወተትም ውስጥ ይገባል። ደረቅ መኖ በጥሩ ፕላስቲክ ጆንያ ውስጥ ወይስ የሻገተ መኖ በጎታ ውስጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፕላስቲክን ሁሉ ከግቢ አስወጡ እያልኩ አይደለም። ያረጀውን፣ የተቀደደውንና የሚፈረፈረውን ነው።

ሦስተኛው ወፍጮ ቤት ነው። ፋጉሎው ድንጋይ ሆኖ ይመጣና ከነጆንያው ቁራጭ ወፍጮ ውስጥ ይገባል። ወፍጮው አይመርጥም። አንድ ጣት የሚያክል የጆንያ ቁራጭ ስንት ብናኝ ሆኖ እንደሚወጣ አስቡት፤ ከዚያ በኋላ በምንም አትለዩትም። መለቀም ያለበት ከመፈጨቱ በፊት ነው። ፋጉሎውን ሰፌድ ላይ ዘርግቶ መልቀም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ምስር ስትለቅሙ የምታደርጉትን ነው። በፎገራና በአካባቢው ከሩዝ መፈልፈያ ተረፈ ምርት የምትገዙም እንዲሁ፤ ከወለል ላይ ተጠርጎ የተሞላውን አትቀበሉ። ነጋዴው ጆንያውን ሲያራግፍ አጠገቡ ቁሙ።

አራተኛው መቀላቀያና ማድረቂያው ነው። መኖ በላስቲክ ሸራ ላይ በአካፋ ሲቀላቀል አካፋው ሸራውን ይፍቀዋል። ሲሚንቶ ወለል ወይም የእንጨት ገበታ ካላችሁ በዚያ ተጠቀሙ። አቡክታችሁ እንደ ኳስ አድርጋችሁ የምታደርቁም ሰሌን ወይም ሰፌድ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ጆንያ ፕላስቲኩን መኖው ላይ ያጣብቀዋል።

አምስተኛው የቤትና የሆቴል ትራፊ ነው። ከጠላ ቤት የሚመጣ አተላ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ከምግብ ቤት የሚሰበሰበው ፍርፋሪ ግን ፌስታል፣ የሶፍት መጠቅለያ፣ የስኳር ወረቀትና ምን የሌለበት አለ! እውነቱን ለመናገር ለቅማችሁ የማትጨርሱት ከሆነ ባታመጡት ይሻላል።

ስድስተኛውን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ስህተቱን ያስተማርናችሁ እኛው ባለሙያዎች ልንሆን እንችላለንና። ኩሬውን ለማዳበር ፍግ በጆንያ ሞልታችሁ ከኩሬው ጥግ እንድትነክሩ ተነግሯችኋል። ዘዴው ፍጉ ቀስ ብሎ እንዲወጣና ውኃው አንድ ጊዜ እንዳይበላሽ ይረዳል። ጆንያው ግን ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ወራት ይከርማል። ከአንድ ወቅት በኋላ ስታወጡት ታችኛው አለ፣ ላይኛው የለም። የት ሄደ? አልጌው በብዛት የሚበቅለው ጆንያው አጠገብ ስለሆነ ዓሣውም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። በዚህ ፈንታ ከኩሬው ጥግ ላይ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥር መሳይ ሳጥን ሥሩና ፍጉን በዚያ ውስጥ ጨምሩ። ሥራው ያው ነው፤ ቀርከሃው ቢበሰብስም አልጌ ያበቅላል። ፍጉም ከበረት ሲጠረግ ፌስታልና ገመድ አለመኖሩን እዩ። ኩሬ ላይ የዶሮ ቤት የሠራችሁ የዶሮ መኖውን ጆንያ እዚያው ቤት ውስጥ አትተዉት፤ ዶሮ ትጫጭረዋለች።

በጣና ዳር ላላችሁ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከአስጋሪዎች የዓሣ ጭንቅላት፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ሰብስባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ ከፋጉሎ ጋር የምትቀላቅሉ አላችሁ። ብልህነት ነው፤ ፕሮቲን ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ዓሣ የዋጠው ፕላስቲክ በዋናነት የሚገኘው ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው። ሆድ ዕቃውን አብራችሁ ስትፈጩ የሐይቁን ፕላስቲክ ሰብስባችሁ ወደ ኩሬያችሁ እያመጣችሁ ነው። በሌላው ዓለም ከትናንሽ ሙሉ ዓሦች በሚፈጨው የዓሣ ዱቄት ውስጥ ደቃቅ ፕላስቲክ ተደጋግሞ የተገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው። ሆድ ዕቃውን ለይታችሁ ቅበሩት። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አጥባችሁ፣ በደንብ ቀቅላችሁ አድርቁ፤ መቀቀሉ በሽታ እንዳይተላለፍም ነው።

ስለ ኩሬ ላስቲክና ስለ መረብ በአጭሩ፦ ጂኦሜምብሬን ያነጠፋችሁ ደለል ስታወጡ በዶማና በአካፋ አትቧጥጡ፤ ጠርዙን በአፈር ወይም በሣር ሸፍኑት፣ ፀሐይ የሚበላው ጠርዙን ነው። የተቆራረጠ የመረብ ናይሎን ውኃ ውስጥ አትጣሉ።

ራሳችሁ የምትፈትሹበት መንገድ

ቤተ ሙከራ አያስፈልጋችሁም። ሁለት እፍኝ መኖ ነጭ ሳፋ ውስጥ አድርጉና ሞቅ ያለ ውኃ አፍስሱበት፤ ይደር። ጠዋት በቀስታ አማስሉት። ውኃ የጠጣው ፉርሽካና ፋጉሎ በአብዛኛው ይዘቅጣል። ጆንያ የሚሠራበት ፕላስቲክ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን በሻይ ማጥለያ ሰብስባችሁ ነጭ ሳህን ላይ ዘርጉት። ከዚያ ክር የሚመስለውን ሁሉ ለዩ። የጆንያ ክር ነው ወይስ የገለባ? መርፌ በእሳት አግላችሁ ንኩት። ፕላስቲክ ከሆነ ወዲያው ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ መርፌው ላይ ይጣበቃል። ገለባ ግን ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። መርፌውን በጨርቅ ያዙት፤ ሕፃናትንም አርቁ።

ይህ ዘዴ ሁሉን አያሳይም። ዓይን የማያየውን ብናኝ አታገኙትም። የውኃ ጠርሙስና የናይሎን መረብ ቁራጭ ከውኃ ስለሚከብዱ ታች ዝቃጩ ውስጥ ነው የምትፈልጓቸው። ቢሆንም በየወሩ ከአንድ ዓይነት መኖ ሁለት እፍኝ እየፈተሻችሁ ያገኛችሁትን ክር ቁጥር በመዝገባችሁ ላይ ብትጽፉ ከየትኛው ነጋዴ የሚመጣው መኖ እንደሚብስ በአንድ ወቅት ውስጥ ታውቁታላችሁ። ለቤት ዓሣ ስታርዱም ሆድ ዕቃውን ሳትጥሉ በፊት ሳህን ላይ እዩት።

«እኛ የምንበላውስ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ልጠብቀው አልፈልግም። ፕላስቲኩ በብዛት ያለው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ሆድ ዕቃውን አውጥተን ነው የምንበላው። ስለዚህ ዓሣ መብላት አትተዉ፤ ልጆቻችሁም ይብሉ። ትናንሽ ዓሦችን ከነሆድ ዕቃቸው የምታደርቁ ግን ሆዳቸውን አውጡ። ገዢ ሲጠይቃችሁም ሳትደብቁ፣ ሳታጋንኑ ይህንኑ ንገሩት።

የተሰበሰበውን አሮጌ ጆንያ ምን እናድርገው? ማቃጠል አይደለም፤ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ያልተቃጠለው ቁራጭም በነፋስ ይበተናል። አጥፋችሁ በአንድ ጥሩ ጆንያ ውስጥ አስቀምጡና በከተማ ፕላስቲክ ለሚሰበስቡ ስጡ። ሰብሳቢ በሌለበት ቀበሌ ማኅበራችሁ በአንድነት አጠራቅሞ በጭነት መመለሻ እንዲልክ ተነጋገሩ። ከኩሬ የወጣ ደለል አትክልት ላይ ስትበትኑም የሚታየውን ክርና ፌስታል ልቀሙ፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ክረምት በጎርፍ ተመልሶ ይመጣል።

ከምሳ በኋላ ወደ ማሳያ ኩሬው እንወርዳለን። ትናንት ማታ ሦስት ሳፋ መኖ ነክረናል፤ አንዱ ከገበያ የተገዛ ፋጉሎ፣ አንዱ የሩዝ ተረፈ ምርት፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ማሠልጠኛው መጋዘን የከረመ ፉርሽካ ነው። ከእናንተ መካከል ከቤታችሁ መኖ ያመጣችሁ ካላችሁ ስማችሁን ጆንያው ላይ ጽፋችሁ ለልማት ሠራተኛዋ ስጧት፤ ዛሬ ነክረን ነገ ጠዋት እናየዋለን። መርፌና ክብሪት እኔ ይዣለሁ።